በጓሮ ግሪንሃውስ ውስጥ ያለ ኪያር ጣት ሲያክል ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ለምንድን ነው?

የሰሚቷ አትክልተኛ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ በመኖሪያ ቤታችን ጓሮ ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ በባሕር ዛፍ አጣና ተሠርቶ የግሪንሃውስ ላስቲክ የለበሰ አነስተኛ ቤት አለን። ቀደም ሲል ቲማቲምና ቃሪያ ስናመርትበት ቆይተን ዘንድሮ ኪያር (ኩከምበር) ተከልንበት። ዘሩን ከግብርና ግብዓት መሸጫ የገዛሁት ሲሆን እሽጉ ላይ «ማርኬትሞር 76» ይላል። ጳጉሜን ላይ በችግኝ ፕላስቲክ ዘርቼ ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወደ ገባበት መደብ አዛወርኩት፤ አሁን ኅዳር ላይ ሐረጉ በሲባጎ ተደግፎ ከራሴ ቁመት በላይ ደርሷል።

ችግሩ ፍሬው ላይ ነው። አበባው በብዛት ይፈካል፤ ከአንዳንዱ አበባ ሥርም ሻካራ ፀጉር ያላት ትንሽ ፍሬ ትታያለች። ነገር ግን ጣት ስታክል ጫፏ ቢጫ ይሆንና ወደ አንገቷ እየተጨማደደች ትደርቃለች። አልፎ አልፎ የሚተርፉትም ጫፋቸው የሾለ ወይም እንደ ማጭድ የታጠፉ ናቸው፤ ሲቀመሱ ደግሞ በአንገታቸው በኩል ይመራሉ። ከታች ባሉት ቅጠሎች ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ጀምሯል። መተንፈሻዎቹን ነፍሳት እንዳይገቡባቸው በመረብ ሸፍነናቸዋል፤ ውኃ ጠዋትና ማታ እናጠጣለን።

የጠየቅኳቸው ሰዎች ከፊሎቹ የፈንገስ መድኃኒት እንድረጭ፣ ከፊሎቹ ዩሪያ እንድጨምር መክረውኛል። ቤተሰቤ በሚመገበው አትክልት ላይ ምክንያቱን ሳላውቅ ኬሚካል መርጨት ስለማልፈልግ፣ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች መንስኤውን ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ባለሙያ ከባቱ፦

እህቴ፣ ሁኔታውን በዝርዝር ስላቀረቡት መልሱ አያስቸግርም። የፍሬው መርገፍና የቅጠሉ ነጭ ዱቄት የማይገናኙ ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ በመርገፉ ላይ የፈንገስ መድኃኒቱም ዩሪያውም ምንም አይፈይዱም። እንዲያውም ፍግ በጠገበ መደብ ላይ ዩሪያ ቢጨመር ሐረጉ ቅጠል ብቻ ያበዛል፣ ፍሬ የሚይዙት አበቦችም ይዘገያሉ።

ዋናው ምክንያት የተከሉት ዝርያ ንብ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ ቤቱ ለንብ ዝግ መሆኑ ነው። ማርኬትሞር 76 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለ፣ በተለይ ለሜዳ እርሻ የሚመረጥ ዝርያ ነው። በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበቦችን ለየብቻ ያወጣል። ወንዴዎቹ ቀድመው ይመጣሉ፤ በቀጭን አገዳ ላይ ናቸው፣ በአንድ አንጓ ላይም ብዙ ሆነው ይወጣሉ። ሴቴዋ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ስትሆን ከሥሯ ያችን ትንሽ ፍሬ ይዛ ትፈካለች። ስለዚህ ያዩዋት ፍሬ «ተይዛለች» ማለት አይቻልም፤ ወደፊት ፍሬ የምትሆነው የአበባዋ ክፍል ናት እንጂ፣ ከወንዴው አበባ ብናኝ ካልደረሳት ተክሉ መመገቡን ያቆምና ትረግፋለች። የኪያር ብናኝ የሚያጣብቅ በመሆኑ ነፋስ አያደርሰውም፤ ሴቴዋ አበባም ብናኝ የምትቀበለው በፈካችበት ዕለት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ብናኝ ብቻ ከደረሳት ፍሬዋ በአንድ በኩል ብቻ ዘር ይይዛል፤ ዘር የያዘው ጎን ሲያድግ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚቀር ፍሬው ይታጠፋል፣ ወይም ጫፉ ይሾላል። እርስዎ ዘንድ የተረፉት ፍሬዎች ቅርፅ ይህንኑ ያረጋግጥልናል።

ከነገ ጀምሮ በእጅ ማዳቀል ይችላሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ዕለቱን የፈካ ወንዴ አበባ ቀጥፈው ቢጫ ቅጠሎቹን ይላጡና በመሃል የሚቀረውን ብናኝ የያዘ ክፍል በሴቴዋ አበባ መሃል ያስነኩ። ሴቴዋ መሃሏ ላይ በሦስት የተከፈለ የሚያጣብቅ አካል አላት፤ ሦስቱንም ማስነካት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የመታጠፉ ነገር ይመለሳል። አንድ ወንዴ አበባ ለሁለትና ለሦስት ሴቴዎች ይበቃል። ያዳቀሏቸውን ባለ ቀለም ክር አስረው ጥቂቶቹን ሳያዳቅሉ ቢተዉ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል። በየዕለቱ ማዳቀሉ የሚከብድዎ ከሆነ ጠዋት ጠዋት መረቡን ገልጠው ንቦች እንዲገቡ ያድርጉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንኛውም የነፍሳት መድኃኒት በቤቱ ውስጥ መረጨት የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሥሩ እስከ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ የሚወጡትን ሴቴ አበቦችና የጎን ቀንበጦች ገና ትንሽ እያሉ ያንሷቸው። ሐረጉ ሥሩንና ግንዱን ሳያጠናክር ፍሬ ከተሸከመ በኋላ የሚመጡት ፍሬዎች ይጎዳሉ። አሁን ለደረሰው ሐረግ ጊዜው አልፏል፤ ለቀጣዩ ተከላ ግን ያስታውሱት።

ከአሽቀሎን፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ በደቡብ እስራኤል የኪያር ግሪንሃውስ ውስጥ እሠራለሁ፤ ወንድማችን ከባቱ በተናገሩት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የማይነሳው ንብ ስለምናስገባ አይደለም፤ ያለ ብናኝ ፍሬ የሚይዝ ዝርያ ስለምንተክል ነው። እንዲህ ያለው ዘር እሽጉ ላይ «ፓርቴኖካርፒክ» ተብሎ ይጻፍበታል። ብዙዎቹ አበባቸው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ሴቴ በመሆኑ ከየአንጓው ፍሬ ይወጣል፤ ፍሬውም ዘር የለውም።

ለቤት የሚመቸው አጭሩ፣ ቆዳው ስስ የሆነውና ሳይላጥ የሚበላው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ስሙን ያገኘው በሰሜን እስራኤል ከሚገኘው ከቤት አልፋ ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ነው። ነገር ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ ነባሩ ቤት አልፋ ራሱ ንብ የሚፈልግ ዝርያ ስለሆነ፣ እሽጉ ላይ «ቤት አልፋ» የሚለውን ስም ብቻ አይተው አይግዙ። እንዲሁም ያለ ብናኝ የሚያፈራውን ከማርኬትሞር ጋር በአንድ ቤት ውስጥ አይትከሉ፤ ከወንዴዎቹ ብናኝ ከደረሰው ፍሬው ዘር ይይዝና ቅርፁን ያጣል። ዘሩ ዲቃላ በመሆኑ በዘር ቅንጣት ቁጥር የሚሸጥ ውድ ዘር ነው፤ ለ18 ካሬ ሜትር ቤት ግን ብዙ አያስፈልግዎትም። በሐረግና በሐረግ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ እኔ ከዚህ ይልቅ ቢጠብ የሚገኘው ምርት ሳይሆን በሽታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝርያውን ከቀየሩ በኋላ መረቡ ጠቀሜታው ትልቅ ነው። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ቅጠል ከመምጠጥ አልፈው የቫይረስ በሽታ ያስተላልፋሉ፤ ለቫይረስ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

የሰሚቷ አትክልተኛ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አበቦቹን ለይቼ አየኋቸው፤ እንደተባለው ወንዴዎቹ እጅግ ይበዛሉ፣ በክር ያሰርኳቸውንም ጥቂት ሴቴዎች አዳቅያለሁ። በተጨማሪ ቴርሞ ሜትር ሰቅዬ ነበር፤ ቀን 7 ሰዓት ላይ 39 ዲግሪ፣ ንጋት ላይ 8 ዲግሪ ያሳያል። ይህ ልዩነት ለኪያር ይስማማል? ስለ ነጩ ዱቄትስ ምን ላድርግ?

ባለሙያ ከባቱ፦

አይስማማም። ኪያር ቀን ከ24 እስከ 28፣ ሌሊት 18 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኝ በሚገባ ያድጋል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ዕድገቱ የሚቆም ያህል ነው፣ ሥሩም ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። ምሬቱንም የሚያባብሰው ይህ የሙቀትና የብርድ መፈራረቅ ነው፤ ኩከርቢታሲን የተባለው መራራ ንጥረ ነገር ተክሉ ሲጨነቅ ይጨምራል፣ በይበልጥም በአንገቱና በቆዳው ይከማቻል። ፍሬውን ገና ለጋ እያለ መቅጠፍና ከአንገቱ በኩል ወፈር አድርጎ መቁረጥ ለጊዜው ይረዳል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የጣሪያው መተንፈሻ ከጎኖቹ ይበልጥ ይሠራል፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይከፈት። ከዚያ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ሳትበርድ፣ ሁሉንም ይዝጉ። ነጠላ ላስቲክ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀት እምብዛም አይዝም፤ ስለዚህ ከመደቡ በላይ በሽቦ ላይ ሁለተኛ ስስ ላስቲክ ማታ ማታ ይዘርጉ። ውኃ የሞላባቸው ጥቁር ቀለም የተቀቡ በርሜሎች ወይም ጄሪካኖች በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ቢደረደሩ ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ይለቃሉ። ከነዚሁ ዕቃዎች የሚያጠጡት ውኃ ደግሞ ከቧንቧው ውኃ የሞቀ በመሆኑ ለሥሩ ይስማማዋል።

የማታውን ውኃ ያቁሙ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሌሊቱን የሚታመቀው እርጥበት ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዳውኒ ሚልዲው የተባለው እጅግ ከባዱ የኪያር በሽታ የሚነሳውም ከእርጥብ ቅጠል ነው። እርሱ ቅጠሉን በላይ በኩል በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ማዕዘን ባለው ቢጫ ነጠብጣብ፣ በታች በኩል በግራጫ ሻጋታ ያሳያል፤ የእርስዎ ነጭ ዱቄት ግን ፓውደሪ ሚልዲው ስለሆነ ይህን ያህል አያስደነግጥም። የታመሙትን የታችኛውን ቅጠሎች ቆርጠው ከጓሮው ያርቁ፣ አየር በሐረጎቹ መካከል እንዲዘዋወር ያድርጉ። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠዋት መርጨት ይቻላል፤ ብራዚል ውስጥ በግሪንሃውስ ዝኩኒ ላይ ተሞክሮ ውጤት ያሳየ ዘዴ ነው። ድኝ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር ግን፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቤት ውስጥ ድኝ የኪያርን ቅጠል እንደሚያቃጥል ይወቁ።

የሆለታ ገበሬ፦

የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ሆኖም የእኔ አስተያየት ከወቅቱ ጋር አትታገሉ የሚል ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ባለ ደጋ፣ ማሞቂያ በሌለው ቤት ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ ኪያር ማልማት ድካም ይበዛበታል፣ ምርቱም ያንሳል። በነዚህ ወራት ቤቱን ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለካሮት ቢያውሉት ያለ ምንም ጭንቀት ያመርታሉ። የኪያሩን ዘር በጥር መጨረሻ በችግኝ ፕላስቲክ ይዝሩ፤ ለመብቀል 25 ዲግሪ ያህል ስለሚፈልግ እስኪበቅል ድረስ ከወጥ ቤት ሳይወጣ ቢቆይ ይሻላል። ሥሩ መነካት አይወድም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ከነአፈሩ፣ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዶ፣ በየካቲት መጨረሻ ወደ መደቡ ማዛወር ነው። ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ ፍሬው ይደርሳል፤ በየሁለት ቀኑ ከተለቀመ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። አንድ ፍሬ እንኳ ሐረጉ ላይ አርጅቶ ቢጫ እስኪሆን ከተተወ ተክሉ አዲስ ማፍራቱን ይቀንሳል። ሐረጉ ሲነሳ በዚያው መደብ ላይ ዱባ፣ ዝኩኒ ወይም ሐብሐብ አያስከትሉ፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው።