የማታ የብስክሌት ጉዞ፦ ሰው ሲበዛ እንዴት ይመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ማታ ብስክሌት እንነዳለን። ሰው ሰውን እየጠራ አሁን ስልሳ ያህል ሆነናል። በጣም ደስ ይለኛል! ግን የትራፊክ መብራት ለሁለት ይቆርጠናል፤ ከኋላ የቀሩት መንገድ ይጠፋቸዋል። ጀማሪዎችን ጥሎ መሄድ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ፊት አንድ መሪ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከማንም ቀድሞ የማይሄድ ሰው መድብ። የኋላው ሰው ታጋሽ ይሁን፤ ለእኔ ከመሪው ይበልጣል። ጎማ መለጠፊያና ፓምፕም እሱ ይያዝ። ሁለቱ በስልክ ይገናኙ። ፍጥነቱን ቀርፋፋው ይወስን፣ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይበቃል። መብራት ከቆረጣችሁ መሪው ቀጥሎ ባለው ሰፊ ቦታ ዳር ይዞ ይጠብቅ። መታጠፊያ ላይም አንድ ሰው ቆሞ አቅጣጫ ያሳይ።

መልስ 2፦
እ.ኤ.አ. በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ በተጀመረው፣ ክሪቲካል ማስ በሚባለው የብስክሌተኞች የጋራ ጉዞ፣ ብስክሌተኞች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ቡድኑ እስኪያልፍ መኪና ያስቆማሉ። በብዙ ቦታ ግን ሕግ አይፈቅድም። ሃያ ሃያ ሆናችሁ ብትከፈሉ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ መሪ።

መልስ 3፦
መብራት የሌለው አይነሳ! ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ። የኋላው ብልጭ ድርግም አይበል፤ ተከትሎ ለሚነዳው ዓይን ይረብሻል።