ክረምት ላይ ቢላዋና የቆዳ አፎት እንዴት ይቀመጥ? ዝገቱም ሻጋታውም አስቸገረ

ሱሉልታ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሱሉልታ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። ስድስት ቢላዋ አለ፦ አራቱ ከባሌስትራ (ከመኪና ሞላ ብረት) የተቀጠቀጡ፣ ሁለቱ "አይዝግም" የሚባሉት። ሁሉም ቅቤ ተቀብተው፣ አፎታቸው ውስጥ እንዳሉ በፌስታል ተጠቅልለው በቆርቆሮ ሳጥን አልጋ ስር ተቀምጠዋል። ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ አፎቶቹ ነጭ ነገር አወጡ፤ ሦስቱ ባሌስትራ ዛጉ፤ አይዝግም ከተባሉት አንዱም ነጠብጣብ አለው። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ብጨምርበት ይበቃል?

ቆዳ አልፊ
ወንድሜ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ሲሊካ ጄሉ አይበቃም። ችግሩ ያለው አፎቱ ውስጥ ነው።

ቆዳ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም ውሃ ይይዛል። መካከለኛ እርጥበት ባለው አየር 100 ግራም የሚመዝን አፎት 15 ግራም ገደማ ውሃ አለው፤ በሐምሌ ከዚያም ይበልጣል። 30 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ግን በ20 ዲግሪ እስኪጠግብ ቢሞላ እንኳ ግማሽ ግራም ብቻ ነው የሚሸከመው። እንግዲህ ፌስታሉ የውጭውን እርጥበት ከለከልኩ ሲል የአፎቱን ውሃ ከብረቱ ጋር ቆለፈበት። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብረቱን ያልበዋል፤ ጠዋት ይደርቃል፤ ማታ እንደገና።

ውሃው ብቻውን ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። በክሮም የለፋ ቆዳ አሲድነትና የጨው ቅሪት አለው። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ታኒን የሚባል የቅርፊት ንጥረ ነገር ስላለው እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካ ቆዳውም ብረቱም ይጠቁራሉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ እይ፤ መሃሉ ግራጫ ሰማያዊ ከሆነ ክሮም ነው፣ ቡናማ ከሆነ የቅርፊት ነው። "አይዝግም" የተባለውም የሚጠበቀው ላዩ ላይ ባለ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ጨው ሽፋኑን ይበሳዋል፤ አፎት ውስጥ ደግሞ አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይጠግንም። ነጠብጣቡ ከዚያ ነው የመጣው።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ቢላዎቹን ከአፎት አውጣና ከእንግዲህ ለየብቻ አስቀምጣቸው። አፎት መያዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ቅቤውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥበህ ወዲያው አድርቅ። ቀላል ዝገት በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት ጠብ አድርገህ፣ ከእጀታ ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረገው፤ ከዚያ በ1000 ጨርስ። ጠለቅ ያለው ላይ አቼቶ የነከረ ሶፍት ጠቅልልበት፤ በ30 ደቂቃ አንዴ እያየህ ከሁለት ሰዓት አታሳልፍ። ሌሊቱን ካደረ ባሌስትራው ግራጫ ይሆናል፣ ይቦረቦራልም። ሲወጣ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ እጠበው፣ አለቅልቀህ አድርቅና በዚያው ቅጽበት ቀባው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀይ አቧራ የሚመስል አዲስ ዝገት ያወጣልና "ነገ እቀባዋለሁ" አይሠራም።

ለቅባት ተራ ቫዝሊን በቂ ነው፤ በጣት ስስ አድርገህ። ከዚህ የጠነከረ ከፈለግህ 4 እጅ ቫዝሊን ላይ 1 እጅ የንብ ሰም ጨምረህ፣ ሌላ ድስት ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ አቅልጠው። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ እሳት ላይ በቀጥታ አትጣደው። ምግብ የሚነካው ቢላዋ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን ፓራፊን ዘይት ተጠቀም። እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበት ስንጥቅ ላይም ጠብ አድርግ፤ ዝገቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቡራዩ በላይ
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ሳጥኑ ራሱ ከአልጋ ስር ይውጣ። ጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። በጣውላ ቁም ሳጥን፣ ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ራቅ አድርገው። ውስጡ 15 ዋት የድሮ አምፖል አስገባ (ኤል ኢ ዲ አይሞቅም)። ከ15 ወደ 20 ዲግሪ ብታሞቀው፣ 90 በመቶ የነበረው እርጥበት ወደ 66 ይወርዳል፤ ውሃ ሳታወጣ ማለት ነው። አምፖሉ ከቆዳም ከጨርቅም 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ያው ወደነበረበት ይመለሳልና ቅባቱን አትተው።

ሱሉልታ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ነገር ቀረኝ። ነጩ ነገር ሻጋታ መሆኑን በምን አውቃለሁ? እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ከምድጃ በላይ ማንጠልጠልስ? ለቆዳው የኑግ ዘይት ይሆናል?

ቆዳ አልፊ
ነጩን ነገር በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብለህ አሙቀው። ቀልጦ ከጠፋ ከቆዳው የወጣ ስብ ነው፤ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ አለቀ። እንደ ጥጥ ሆኖ ከቀረና ከሸተተ ሻጋታ ነው።

ሻጋታ ከሆነ ውጭ ውሰደው፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፍ። ቀጥሎ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረገው፤ ቀለም ይለቅ እንደሆነ መጀመሪያ በማይታይ በኩል ሞክር። ለውስጡ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥም። በረኪና ግን እንዳትነካው፤ ቆዳውን ይበላል፣ የሚቀረው ክሎራይድ (ጨው) ደግሞ ኋላ ብረቱን ያዝገዋል። ከዚያ ጋዜጣ ውስጡ ጠቅጥቀህ በየቀኑ እየቀየርክ ጥላ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ሦስት ቀን አድርቀው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይኮማተርና ቢላዋው አልገባ ይላል።

ኑግ አይሆንም። እየቆየ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ተልባም ያው ነው። ቅቤ ደግሞ ይሻግታል፤ አሲዱ የነሐስ ሪቬት ካገኘ አረንጓዴ ሰም የሚመስል ነገር ያወጣል። ቀለም የሌለው የጫማ ክሬም ስስ አድርገህ ውጩን ብቻ ቀባ። ውስጡን ከቀባህ ይለሰልሳል፣ አሸዋ ይይዛል፣ ስለቱን ይፍቀዋል።

ቡራዩ በላይ
የምድጃው ነገር፦ እናቶች አልተሳሳቱም፣ ሙቀቱም ጭሱም ሻጋታን ያርቃል። ብረት ላይ ግን ጭስ አሲድና ጥላሸት ያስቀምጣል፣ ቆዳውም ከልክ በላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ባዶውን አፎት ራቅ አድርገህ ሁለት ሦስት ቀን ብታሰነብተው ይሁን፤ ቢላዋውን ግን አታስጠጋው።

ሲሊካ ጄሉን አሁን ብትፈልግ ይሆናል፤ አፎቱ ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ ክዳኑ ጥብቅ ለሆነ ሳጥን 100 ግራም። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይቀየራል፤ 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆይተህ መልሰው። ኅዳር ላይ ግን አውጣው፤ የበጋው አየር ራሱ ደረቅ ነው፣ ሲጨመርበት ቆዳው ይሰነጠቃል።