ለውሻና ለድመት ሬስኪው የቦውሊንግ ቀን ማዘጋጀት ላሰባችሁ የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሰዎች፦ የት ይሻላል? ለማን ይሰጥ? ብሩስ በምን ይሰብሰብ?

ሰላም ወገኖቼ። ሰሞኑን አንዲት ሜሪላንድ ዊተን የምትኖር እህታችን "ከሰፈር ሰው ጋር ሆነን ቦውሊንግ ተጫውተን ለእንስሳት ሬስኪው (የተጣሉ እንስሳትን ለሚታደግ ድርጅት) ገንዘብ ማሰባሰብ አስበናል፣ ወደ ሠላሳ ሰው እንሆናለን፣ እናቴም አብራኝ ናት፣ የት ይሻላል?" ብላ ጠይቃ ነበር፣ መልሱ ሁሉ "ቅርባችሁ ያለው ይበቃል" ሆነ። እኔ ግን አይበቃም ባይ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ሁለት ጊዜ አዘጋጅተናል፣ ሦስተኛውን እያሰብን ነው፣ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

መጀመሪያ የቤቱ ነገር። ቦውሊንግ ሁለት ዓይነት እንዳለ ብዙ ሐበሻ አያውቅም፣ እኔም እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ አላውቅም ነበር። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ትልቁ ነው፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው ኳስ፣ ክብደቱ እስከ 16 ፓውንድ የሚደርስ። ሌላው ዳክፒን የሚሉት ነው፣ የዚሁ የኛ አካባቢ ጨዋታ ነው፣ ባልቲሞር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጫወቱት ኖረዋል። ኳሱ የትልቅ ትርንጎ ያህል ነው፣ ቀዳዳ የለውም፣ በመዳፍ ይያዛል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አለፍ ቢል ነው። ፒኖቹም (በኳሱ መትታችሁ የምትጥሏቸው ጠርሙስ መሰሎቹ) አጠር ደልደል ያሉ ናቸው። በአንድ ተራ ሁለቴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ትወረውራላችሁ።

ለምን ይሄን አስቀደምኩ? የመጀመሪያውን ጊዜ ትልቁ ቤት ነበር ያደረግነው፣ ወጣቶቹ ተጫወቱ፣ እናቶችና አባቶች ግን ወንበር ላይ ተደርድረው ቦርሳ ጠባቂ ሆኑ። ጎረቤታችን እማማ ቁርጥማት አለባቸው፣ ቀላሉን ኳስ መርጠንላቸው በሁለት እጃቸው አነሱት፣ አንዴ አዩት፣ መልሰው ቦታው አስቀመጡትና "እናንተ ተጫወቱ ልጆቼ" ብለው ሄደው ተቀመጡ። በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ከሁላችንም በላይ ለድመቶቹ ብር ያዋጡት እሳቸው ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ዳክፒን ቤት ሄድን። እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ብድግ አሉ፣ ያችን ትንሽ ኳስ ጎንበስ ብለው ለቀቋት፣ እየተንከባለለች እየተንከባለለች ሄደች፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል፣ ደርሳ ሦስት ፒን ጣለች። እልልታውን አጠገባችን ሌን (ኳሱ የሚንከባለልበት መስመር) ላይ የነበሩት ፈረንጆች ሁሉ ናቸው የተቀበሏቸው። ከዛ በኋላ እሳቸውን ማን ያስቀምጣቸው፣ እሳቸውን አይተው ሌሎቹም እናቶች ተነሱ።

ደግሞ ዳክፒን ላይ ጎበዝና ጀማሪ ያን ያህል አይራራቅም። ትልቁ ቦውሊንግ ላይ 300 ነጥብ የሚሞላ ሰው ሞልቷል፣ ዳክፒን ላይ ግን በይፋ በተመዘገበ ውድድር እስከዛሬ አንድም ሰው አልሞላም፣ ትልቁ ነጥብ 279 ነው፣ 1992 ላይ ኮኔቲከት ውስጥ የተመዘገበ። ስለዚህ አንድ ቦውሊንግ የለመደ ጎረምሳ መጥቶ ሁሉንም አሳፍሮ አይሄድም፣ የ9 ዓመት ልጅ አባቱን ሊያሸንፍ ይችላል።

የት አለ ካላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ዋይት ኦክ ሌንስ አለ፣ ለኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የዳክፒን ፒን የሚደረድረው ማሽን በ1950ዎቹ የተፈለሰፈ ነው፣ አሁን አዲስ የሚሠራው የለም፣ ባለቤቶቹ መለዋወጫ የሚያገኙት ከተዘጉ ቤቶች እየነቀሉ ነው። ስለዚህ የትኛውም ዳክፒን ቤት ብትሄዱ በመሀል አንድ ሌን ቀጥ ሊል ይችላል፣ የቤቱ ሠራተኛ ከኋላ ገብቶ እስኪያስተካክለው ትዕግሥት ይፈልጋል። እኛ ከሚያስፈልገን አንድ ሌን ጨምረን ነው የያዝነው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። እነዚህ ቤቶች በየዓመቱ እየተመናመኑ ስለሆነ እዛ የምትከፍሉት ብር ራሱ ቤቱን ያቆያል፣ ይሄም ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ትልቁን ቦውሊንግ የምትፈልጉ፣ በተለይ ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ቦውል አሜሪካ ፎልስ ቸርችም ፌርፋክስም አለላችሁ። እዚሁ አካባቢ ያደገ ካምፓኒ ነው፣ 2021 ላይ ቦውሌሮ ገዛው፣ ያ ደግሞ በ2024 መጨረሻ ስሙን ላኪ ስትራይክ ኢንተርቴይንመንት አለ፣ ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ስምና ኢሜይል የሚልክላችሁ ስም ቢለያይ አትደንግጡ። ጥሩነቱ ሌኑ ብዙ ነው፣ ነጥቡን ስክሪኑ ራሱ ይቆጥራል፣ ለሕፃናት ኳሷ ጎን እንዳትገባ ባምፐር ያነሱላቸዋል። የመሥሪያ ቤት ሰው ሰብስባችሁ ከሆነ ወይም የምትጋብዙት ወጣት ብቻ ከሆነ እሱ ይሻላችኋል።

የትም ብትሄዱ ዲፖዚት ሳትከፍሉ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ። ዋጋው በሰዓት ነው በጌም? ይሄ ለኛ ወሳኝ ነው። በሰዓት ከሆነ ስምንት ሰዓት ጠርታችሁ ሰው ከቤተክርስቲያን መልስ ልጆቹን አብልቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ባዶ ሌን ላይ ስትከፍሉ ቆይታችኋል ማለት ነው፣ በጌም ይሁን በሏቸው። ጫማ ኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ? ሰርቪስ ቻርጅ አለ ወይ? አንድ ቤት (ስሙን መጥራት አልፈልግም) በስልክ የነገሩን ዋጋና መጨረሻ ላይ ያመጡት ቢል አልገናኝ ብሎን፣ ልዩነቱ ለድመቶቹ ካሰብነው ላይ ነው የሄደው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምግብ ከውጪ ማስገባት ብዙዎቹ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ ሳምቡሳውንና ድፎ ዳቦውን በዋዜማው ቤት ለቤት በትዕዛዝ ሽጡት፣ እኛ በዚህ ያገኘነው ከጨዋታው አይተናነስም ነበር። ፓኬጅ ውስጥ ፒዛ ካለ ደግሞ ካላንደር እዩ፣ እኛ ጾም መሆኑን ሳናስብ ቺዝ ፒዛ አዘን ግማሹ ሰው ሳይበላ ሄዷል።

አሁን ለማን ይሰጥ የሚለው። እዚህ ላይ ሼልተርና ሬስኪው ይለያያሉ። ሼልተር የካውንቲው ወይም የከተማው ነው ወይ በኮንትራት የሚሠራለት ነው፣ ከታክስ የተወሰነ በጀት አለው፣ ግን የመጣበትን ሁሉ መቀበል አለበት፣ የታመመ ያረጀ ብሎ አይመርጥም። የሞንጎመሪ ካውንቲው ደርዉድ ነው ያለው፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አይዘንሃወር አቬኑ ላይ አኒማል ዌልፌር ሊግ አለላችሁ፣ አርሊንግተንም የራሱ አኒማል ዌልፌር ሊግ አለው፣ ከ1944 ጀምሮ የነበረ። ሬስኪው የሚባሉት ደግሞ እንደ ሎስት ዶግ ኤንድ ካት ያሉት ናቸው፣ 2001 ላይ አርሊንግተን ካለ የሬስቶራንት ቤተሰብ የጀመረ ነው፣ እንስሳቱን በብዛት የሚያሳድሩት በፎስተር ማለትም በፈቃደኛ ሰዎች ቤት ነው። እነዚህ የሚኖሩት በልገሳ ነው፣ አንድ የሆስፒታል ቢል ያንገዳግዳቸዋል። የኔ ሐሳብ ግማሹን ለሰፈራችሁ ሼልተር፣ ግማሹን ለአንድ ሬስኪው። ለአምስት ስድስት ቦታ አትበታትኑት፣ ለማንም ምንም ሳይሆን ይቀራል።

ብሩ ምን እንደሚሠራ በቤቴ ስላየሁት ልንገራችሁ። ፎስተር ያደረግናት ቡናማ ውሻ ከደቡብ ስቴት በመኪና ነው የመጣችው፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ የልብ ትል ይዟታል። ይሄ በሽታ በትንኝ ነው የሚተላለፈው፣ መከላከያው በወር አንዴ የምትሰጥ ኪኒን ናት፣ ከያዘ በኋላ ግን ሕክምናው መርፌ ነው፣ ወራት ይፈጃል፣ ወጪውም ከ1000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ከመርፌው በኋላ መሮጥ አይፈቀድላትም፣ የሞተው ትል ሳንባዋን እንዳይዘጋው። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዋን የበሩ ስር ክፍተት ላይ አድርጋ ነበር የምትተኛው፣ ትቷት የሄደው ሰው ይመለሳል ብላ ነው መሰለኝ። ልጄ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነብላት ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማታ ከበሩ ተነስታ መጥታ አገጯን የልጄ ጉልበት ላይ አደረገች። አሁን ሮክቪል አንድ ጡረተኛ ቤት ናት።

"ሰው እየተራበ ለውሻ?" የሚላችሁ ይኖራል፣ እኔንም ብለውኛል፣ አልቀየማቸውም። ግን ብዙ ሼልተሮች ሥራ ላጣ ቤተሰብ የእንስሳ ምግብ በነፃ ይሰጣሉ፣ በርካሽ ይከትባሉ፣ ያ ቤተሰብ ልጁ የሚወደውን ውሻ አውጥቶ አይጥልም ማለት ነው። አገር ቤት ያደግን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን እናውቀዋለን፣ እሱን ተፈርቶ መንገድ ላይ የተጣለ መርዝ በልተው ተዘርረው ያየናቸውን ውሾች እኔ አልረሳሁም። ሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶ 99 እጁ ከውሻ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ መተላለፉ ይቆማል። ውሻን መንከባከብ ልጆቻችንን መጠበቅም ነው። ለአገር ቤትም ይድረስ የምትሉ ካላችሁ ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ድርጅት መጠለያ "እንስሳ ኮቴ" አለ፣ ከሕገወጥ ንግድ የተረፉ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚጠለሉበት፣ ለጋማ ከብት ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ስፓና የሚባል ድርጅት አህዮችን ያክማል። በሰው እጅ አትላኩ፣ በቀጥታ ለድርጅቱ።

የብር አሰባሰቡ፣ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ብር መላኪያው) ቀላል ነው፣ የኛ ሰው ሁሉ አለው፣ ግን ብሩ የሚገባው የአንድ ሰው አካውንት ውስጥ ነው፣ ያ ሰው በኋላ ስሙ ይነሳል፣ ሰጪውም ታክስ ላይ ማስያዝ ይቸገራል። ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ) በግል ስትከፍቱት ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፣ 20 ዶላር ለሰጠ ሰው ወደ 88 ሳንቲም ማለት ነው፣ ለትንንሽ መዋጮ ያማል። ዜፊ የሚባለው ለነን ፕሮፊት ብቻ ነው፣ ከድርጅቱ ምንም አይቆርጥም፣ ግን ከፋዩን ቲፕ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ዜሮ ማድረግ እንደሚቻል ለእናቶች ቀድማችሁ አሳዩአቸው። ከሁሉ የሚሻለው ሬስኪውን ራሱን ደውላችሁ "በእናንተ ስም ይሄን ልናዘጋጅ ነው፣ ሊንክ ስጡን" ማለት ነው። የሌኑን ክፍያ ለብቻ ሰብስቡ፣ ልገሳው በቀጥታ እዛ ይግባ። ድርጅቱ እውነተኛ መሆኑን አይ አር ኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ ስሙን አስገብታችሁ እዩ፣ 250 ዶላርና ከዛ በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለበት።

ራፍል እናውጣ የምትሉ ቆም በሉ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ ዕጣ ትተን ሽልማት በጨዋታ አደረግነው፣ አንደኛ ለወጣው አንድ ኪሎ ቡና፣ መጨረሻ ለወጣውም አንድ ኪሎ ቡና። ቲሸርት አትግዙ፣ የተረፈው ሳጥን አሁንም ቤዝመንቴ ውስጥ አለ። የግድ ከሆነ ከስተም ኢንክ የሚባለው ቲሸርት አታሚ ዌብሳይት ላይ እያንዳንዱ ራሱ የሚያዝበት አለ፣ ትርፉ ለልገሳ የሚሄድ።

ውሻ ይዛችሁ ወደ ሌኑ እንዳትመጡ፣ የፒኑ ድምፅ ያስበረግጋቸዋል። እኛ ያደረግነው ከሼልተሩ ፎቶ ጠይቀን እያንዳንዱን ሌን በአንድ ቤት ፈላጊ እንስሳ ስም ሰየምነው፣ ልጆቹ "የኔ ሌን የድመቷ ነው" እያሉ ነው የተጫወቱት፣ አንድ ቤተሰብ በሳምንቱ ሄዶ የሌን ስድስትን ድመት ወስዷል።

ወሩን በተመለከተ ግንቦት ሰኔ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ሙቀት ሲገባ የድመት ግልገል የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ሼልተሮቹ የሚጨናነቁት ያኔ ነው፣ የቦውሊንግ ቤቶቹ የሊግ ውድድር ደግሞ በሰመር ስለሚቀንስ ቦታ አይጠፋም።

እህቴ፣ አንቺ ዊተን ነሽ፣ ዋይት ኦክ ይቀርብሻል። ለሠላሳ ሰው ስድስት ስድስት አድርገሽ አምስት ሌን፣ አንድ ትርፍ ጨምረሽ ስድስት ያዢ፣ እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ በጌም ክፈይ፣ ሰው ሁሉ ካልሲ ይዞ እንዲመጣ ንገሪ። እናትሽን ኳስ ይከብዳታል ብለሽ እቤት እንዳትተያት፣ መጀመሪያ የምትወረውረው እሷ ትሁን።