የሐዳር በረሃ ለማን ይከፈት? ለተመራማሪ ብቻ ወይስ ለሕዝብም?

የሎጊያው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላንሣና ተከራከሩበት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች። ሕፃኗ ሰላም በ2000 ዲኪካ ላይ ተገኘች። በ2013 ደግሞ ለዲ ገራሩ ላይ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የጥንት ሰው መንጋጋ ወጣ። ሁሉም እዚሁ አፋር ውስጥ ነው። ተማሪዎቼ ስለ ድንቅነሽ ከመጽሐፍ ያነባሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ። ቦታውን ግን አንዳቸውም አላዩትም። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ። የዓለም ቅርስ ነው እያልን የአገሩን ልጅ ካላስገባነው ምኑን ቅርስ ሆነ?

ሐሳቤ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከእነዚህ ሥፍራዎች የተወሰኑት በተመደበ መንገድና በአፋር አስጎብኚ ለሕዝብ ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ የምርምር ፈቃድ የሚወስድ ቡድን ሁሉ ያገኘውን ነገር በየዓመቱ ለአካባቢው ሰው በአፋርኛ የማስረዳት ግዴታ ይኑረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ምን እንደተገኘ ሊነገረው ይገባል።

ድንጋይ አንባቢው፦
መምህር፣ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። የመጀመሪያውን ግን በፍጹም። ምክንያቴን ልንገርዎት፤ አፋር ውስጥ በጂኦሎጂ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በዐይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ብዙ ሰው ቅሪተ አካል ሁሉ ተቆፍሮ የሚወጣ ይመስለዋል። ሐዳር ላይ አብዛኛው እንደዛ አይደለም። ዝናብ ኮረብታውን ያጥበዋል፣ አጥንቱ ራሱ ብቅ ይላል። ተመራማሪዎቹ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እየተራመዱ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ሀብቱ ከምድር በታች አይደለም ያለው። ከእግር በታች ነው።

ደግሞ አጥንቱ ዕድሜውን የሚያገኘው ከተኛበት ንብርብር ነው። ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጡ ባለው የአርጎን ጋዝ መጠን ዕድሜው ይለካል፣ በሁለቱ መካከል ያለው አጥንት ዕድሜው ይታወቃል። አንድ ጎብኚ ጥርስ አንሥቶ በኪሱ ቢከት ወይም አይቶ ሌላ ቦታ ቢጥለው ያ ጥርስ ከየት ንብርብር እንደመጣ ማን ያውቃል? አርዲ የተባለችውን ሌላዋን የጥንት ሰው ዘር አስቡ። አጽሟ አራሚስ ላይ ከ1994 ጀምሮ ወጣ። አጥንቶቹ ሲነኳቸው የሚፈረፍሩ ነበሩ። ማጠንከሪያ እየተቀቡ ነው የተነሡት። ሙሉ ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። 15 ዓመት! በዚያ መሬት ላይ የጉብኝት መንገድ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ስለ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ አናወራም ነበር።

የሚሌዋ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አጥንቱን ማን የጠበቀው ይመስልሃል? አጥር የለ፣ ካሜራ የለ። እኛ ነን።

በ2016 ሚሌ ወረዳ ላይ የተገኘው 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል ትልቅ ዜና ነበር። የመጀመሪያውን ቁራጭ፣ የላይኛውን መንጋጋ፣ ያገኘው የአካባቢው አፋር ነው። የምርምር ቡድኑ መሪ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ራሳቸው በይፋ ተናግረውታል። ያ ሰው ድንጋይና አጥንት መለየት የቻለው ስላየና ስለተነገረው ነው። ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይጠብቃል? አንተ ሰዉን ማራቅ ጥበቃ ይመስልሃል። እኛ ጋ ግን ያራቅከው ሰው «የእነሱ ነው» ብሎ ይተወዋል።

ሲያትል ያለችው፦
ድንቅነሽን በሰው አገር አየኋት። በ2007 ሂዩስተን ሄደች፣ በ2008 እዚህ ሲያትል መጣች። ሐበሻው ልጆቹን ይዞ ወጣ። እኔም ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ በኩራት ዕንባዬ መጣ። ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2013 ነው። በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው ለሁለት ወር ያህል ታዩ።

አሁን የሚሌዋን እህቴን ሳነብ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሂዩስተን ልጅ አያት። የሲያትል ልጅ አያት። የፕራግ ልጅ አያት። የሎጊያ ልጅ ግን ገና ነው። ውቅያኖስ ተሻግራ ከተመለሰች ከአዲስ አበባ ሰመራ ምን ያቅታታል?

ድንጋይ አንባቢው፦
እህቴ፣ ያ ጉዞ ራሱ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። ኬንያዊውን የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ሊኪን ጨምሮ ብዙ ሳይንቲስቶች ያኔ ተቃውመውታል። የዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ሙዚየምም አልቀበልም ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ብትሰበር መተኪያ የላትም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ እንኳ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው በካዝና ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ «ፕራግ ሄዳለች፣ ሰመራም ትሂድ» የሚለው አንዱን አደጋ በሌላ አደጋ ማጽደቅ ነው። ለሰመራ በደንብ የተሠራ ቅጂ ይሂድ። ከዋናው በዐይን አይለይም።

ሲያትል ያለችው፦
ዋናው ለውጭ፣ ቅጂው ለባለቤቱ? ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን ለአፋር ሕዝብ ፊት ለፊት ቆመህ በለው።

አስጎብኚው፦
እኔ ቱሪስት ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ ነው የምወስደው። ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር።

ሐዳርን ጠይቆኝ የሚያውቅ ቱሪስት ጥቂት ነው። ዝም ብለህ ብትወስደው የሚያየው ግራጫ ኮረብታ ነው። የሚያስረዳ ሰው ከሌለ በግማሽ ሰዓት ሙቀቱ ያባርረዋል። ስለዚህ «ይከፈት» ስንል በሩን ብቻ ከፍተን ብንቀመጥ ገንዘቡም ዕውቀቱም አይመጣም። ደግሞ የድንጋይ አንባቢው ስጋት እውነት ነው። ዳሎል ላይ ሰው ያንን ስስ የጨው ቅርጽ ረግጦ ሲሰብረው አያለሁ። ተው ስትለው ይስቃል። ያ ቦታ ሳይንቲስቶች ሕይወት የት ላይ እንደሚቆም የሚፈትሹበት ነው፤ በ2019 አንዱ ጥናት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ አለ፣ ሌላው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ የለም አለ። ክርክሩ ያላለቀበትን ቦታ እኛ በጫማ እናፈርሰዋለን።

ግን ዘዴ አለው። ኬንያ ኦሎርጌሳይሊ የሚባል ቦታ አለ። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መጥረቢያዎች እዛው በተገኙበት መሬት ላይ ተትተዋል። ጎብኚው ከላይ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ሆኖ ነው የሚያያቸው። እኛም አዲስ አበባ አጠገብ መልካ ቁንጡሬ አለን። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሥፍራ ሙዚየም አለው፣ ምርምሩም አልቆመም። በ2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። አዋሽ ዳር ላይኛው ላይ የተቻለ ነገር ታችኛው ላይ ለምን አይቻልም?

የአዋሽ ፈንታሌው፦
ስለ አጥንት ብቻ ነው እንዴ የምታወሩት?

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ምድሪቱ ስትንቀጠቀጥብን ከረመች። ሌሊት ከቤት ወጥተን ሜዳ ላይ አደርን። ዶፈን አካባቢ እንፋሎት ከመሬት ሲተፋ አየን። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ሄደ። ያኔ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው ወይስ አይደለም? ፌስቡክ ላይ አንዱ ከተማው ሊሰምጥ ነው ይላል፣ ሌላው ምንም የለም ይላል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ያስረዱ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቴሌቪዥን የሌለው፣ አማርኛ የማይሰማው አርብቶ አደርስ?

በኅዳር 2025 ደግሞ ሀይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቅ ተራራ ነው። አመዱ የመንን አልፎ ሕንድ ደረሰ፣ እዛ በረራ ሰረዙ። የአፍዴራ ሰው ከብቶች ግን አመድ የወረደበት ሣር ላይ ቀሩ። ለእኔ ምርምር ማለት ይሄ ነው። ተመራማሪው በረሃችን ላይ መሣሪያ ሲተክል «ይሄ ምን ይሠራል? ለእኛ ምን ይነግረናል?» ብለን ስንጠይቅ መልስ ማግኘት አለብን። የመምህሩ ሁለተኛ ሐሳብ አንደኛ ይሁን።

ድንጋይ አንባቢው፦
እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አብሬህ ነኝ። በ2005 እዚሁ አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ስትሰነጠቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ከዚያ ወዲህ አፋር ላይ የተጻፈው ጥናት ብዛቱ ለጉድ ነው። አህጉር እንዴት እንደሚከፈል ዓለም ከዚህ በረሃ ተማረ። ያ ዕውቀት ወደ እረኛው ካልተመለሰ ዕዳ አለብን።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ግን አለ። ግዴታ ሲባል ክፍያ ተብሎ እንዳይተረጎም። ትልልቆቹ የውጭ ፕሮጀክቶች ይከፍላሉ። መኪና ተከራይቶ፣ ውኃ በጀሪካን ጭኖ የሚወጣው የእኛው ድኅረ ምረቃ ተማሪ ከየት ያመጣል? የ2013ቱን መንጋጋ ያገኘው ኢትዮጵያዊው ጫላቸው ስዩም ያኔ ተማሪ ነበር። በር ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው የአገሩ ልጅ ነው።

የሚሌዋ፦
ማን ገንዘብ አለ? ዳጉ በነጻ ነው።

ለማታውቁት፦ ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙት ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ። ወሬ የጨመረ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተጠንቅቆ ነው የሚነገረው። ተመራማሪ የመስክ ጊዜው ሲያልቅ ግማሽ ቀን ለጎሳ መሪዎቹና ለወጣቱ ቁጭ ብሎ ይንገር። ምን ፈለግን፣ ምን አገኘን፣ ምን ይዘን እንሄዳለን፣ መቼ እንመለሳለን። በሳምንት ውስጥ ከሬዲዮ በላይ ይዳረሳል።

ገንዘብ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። የምርምር ቡድን የሚመጣው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ያኔ ለጠባቂ፣ ለምግብ አብሳይ፣ ለአጥንት ፈላጊ ሥራ አለ። ከሄዱ በኋላ ክረምቱ ይመጣል። አዲስ አጥንት የሚያወጣው ዝናብ ደግሞ ያኔ ነው የሚጥለው። በዚያ ጊዜ ለሚጠብቀው ሰው ማን ይከፍለዋል? እኔ የማውቃቸው ጠባቂዎች በክረምት ያለ ደመወዝ ናቸው። ስለ ጥርስ በኪስ የምትጨነቅ ከሆነ ከዚህ ጀምር።

የሎጊያው መምህር፦
ሐሳቤን ላስተካክል። ሁሉም ይከፈት አልልም። አንድ ቦታ ይመረጥ፤ ለብዙ ዓመት የተጠና፣ መኪና የሚደርስበት። መንገዱ ይከለል፣ ከመንገድ መውጣት አይፈቀድ፣ ያለ አፋር አስጎብኚ ማንም አይግባ። አዳዲሶቹ ሥፍራዎች ዝግ ይሁኑ፤ መገኛቸውም ለሕዝብ አይገለጽ። ከጎብኚ የሚገኘው ክፍያ በቅድሚያ ለክረምት ጠባቂዎች ደመወዝ ይዋል። ተማሪ በነጻ ይግባ። ሰመራ ላይ ለዘወትር ቅጂው ይታይ፤ ዋናዋ ድንቅነሽ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፋር ትምጣ፣ ለፕራግ የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ይደረግላት። ይሄን ከመጠየቅ ወደኋላ አልልም።

ድንጋይ አንባቢው፦
መምህር፣ «የተጠና» የሚሉት ቦታ አለቀ ማለት አይደለም። ሐዳር ላይ በ1975 አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት ተገኘ፤ ከ200 በላይ ቁራጭ። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ እያንዳንዱ ክረምት አዲስ ገጽ ይገልጣል። ስለዚህ መንገዱ ንብርብሩን አያቋርጥ። ታንዛኒያ ኦልዱቫይ ላይ ጎብኚው ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ሸለቆውን ያያል፣ ሙዚየሙም እዛው ነው። እንደዛ ከሆነ፣ ከአፋፍ ላይ ከሆነ፣ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ድንቅነሽን ስለማጓጓዝ ግን አልተስማማሁም። አልስማማምም።

አስጎብኚው፦
ከአፋፍ ላይ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ጥላ ይሠራ፣ ውኃ ይኑር፣ ሰዓቱ ጠዋትና አመሻሽ ብቻ ይሁን። ግን ክፍያውን ማን ይሰበስባል? ፌዴራሉ፣ ክልሉ፣ ወረዳው ወይስ ጎሳው? እዚህ ላይ ካልተስማማን የጠባቂው ደመወዝ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።

የሚሌዋ፦
ጎሳው። ቢያንስ ግማሹ። ሒሳቡም በየዓመቱ በሰው ፊት ይነበብ።

የአዋሽ ፈንታሌው፦
ጎሳው ብቻ ከሆነ ሥፍራ የሌለው ጎሳ ቅር ይላል። የመሬት መንቀጥቀጡ ደግሞ ሁላችንንም ነው የመታን። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው በአፋርኛ ለሚሠራ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይሂድ።

የሚሌዋ፦
ይሄን እዚህ አንጨርሰውም፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡበት። መምህር፣ እርስዎ የሎጊያን ተማሪዎች ጥያቄ ጽፈው ይላኩልኝ። እኔ ለጎሳ መሪዎቹ አነብላቸዋለሁ። ድንጋይ አንባቢው፣ አንተም ለሥራ ስትመጣ እግረ መንገድህን ሚሌ ውረድ። የተቃወምከውንም እዛው ፊት ለፊት ትናገራለህ፤ ማንም አይቆጣህም።

ድንጋይ አንባቢው፦
እመጣለሁ። ካርታውንም ይዤ።