ዘጌ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ያገኘኋት ጥቁር ነገር ትሪፕስ ናት?

የጣና ዳር ልጅ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ አጎቴ ጋ ዘጌ ሄጄ ቡናው ስር የወደቀ ሻጋታ የያዘው ቅርንጫፍ ነጭ ትሪ ላይ ሳራግፍ 2 ሚሊሜትር ምታክል ጥቁር ነገር ወረደች፣ ጉንዳን መስላኝ ነበር ግን ስትሄድ ጭራዋን ወደላይ ትቆለምማለች። እኔ ማውቀው ትሪፕስ ፎገራ ሽንኩርት ላይ ያለውን ቢጫውን ትንሽ ተባይ ነው። ደሞ አንዷ ክንፍ አላት አንዷ የላትም፣ አንዱ የፊት እግሩ በጣም ወፍራም ነው። ሶስት ዝርያ ነው ያገኘሁት? አጎቴ ልርጭ እያለ ነው።

ባለሌንስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ እንዳይረጩ ንገራቸው! ደረቅ እንጨት ላይ ያለችው ሻጋታውን ነው ምትበላው፣ ቡናው ላይ ምንም ስራ የላትም። ትሪፕስ ናት፣ ግን የሽንኩርቱ ሌላ ወገን ነው፣ የሱ ሴት ቅጠል ሰንጥቃ እንቁላል ምታስገባበት መጋዝ መሳይ ነገር አላት። ያንተዋ የሆዷ መጨረሻ ቱቦ ነው አይደል? ቱቡሊፌራ ይባላሉ፣ ክንፋቸው ጅማት የለውም፣ ሲያርፉ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርቡታል። ቤተሰቡ ፍሊዮትሪፒዴ ነው፣ ወደ 3,500 ዝርያ አለው፣ ግማሽ ያህሉ ፈንገስ (ሻጋታ) በሊታ ነው።

እማማ ቡና፦ በክንፍና በእግር እንዳትቆጥር አደራ። ያንድ እናት ልጆች ክንፍ ያለውም የሌለውም ይሆናሉ፣ ወንዶቹ ደሞ በፊት እግራቸው ስለሚደባደቡ ትልልቆቹ ላይ እግሩ ይወፍራል ትንንሾቹ ሴት ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት ድሮ አንዱን ዝርያ ሁለት ሶስት ስም እየሰጡት ስንት ስራ ተበላሽቷል።

የጣና ዳር ልጅ፦ እሺ በምን ልለየው ታዲያ?

ባለሌንስ፦ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ሚስጥሩ። 60% አልኮል ውስጥ አስቀምጠህ፣ ከዛ 5% ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ነክረህ ሆዱ ሲጠራ ስላይድ ላይ አድርገህ በማይክሮስኮፕ እይ። አፉ ውስጥ ሁለት ረጃጅም መርፌዎች አሉ፣ ውፍረታቸው ከ1 እስከ 3 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ከሆነ ፍሊዮትሪፒኔ ከሚባለው ንኡስ ቤተሰብ ናት፣ የፈንገሱን ክር ወግታ ፈሳሹን ምትመጠው፣ ከ5 እስከ 10 ከሆነ ግን ኢዶሎትሪፒኔ ከሚባለው ናት፣ ስፖሩን (የፈንገሱን ዘር) እንዳለ ነው ምትውጠው። ስለዚህ አንዱን ሳታጠራ ተወው፣ ሆዱ ውስጥ ስፖሩን ልታየው ትችላለህ። ከዛ አንቴናው 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ያሉትን የስሜት ቀንዶች (ትንንሽ ሾጣጣ ነገሮች) ቁጠር።

እማማ ቡና፦ የያንዳንዱን ቅርንጫፍ ለየብቻ ብልቃጥ ያዝ ልጄ፣ ቀኑንና የዛፉን ስም በእርሳስ ጽፈህ አልኮሉ ውስጥ ክተት፣ እስኪርቢቶ ይለቃል።

የጣና ዳር ልጅ፦ አመሰግናለሁ። አጎቴ መርጫውን መልሶ ጎተራ አስገብቶታል።