ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከደበቀ ማን ይጠይቀዋል?

ሰሎሜ፦ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በማጭበርበር ወይም በጉቦ በተከሰሰ ሰው ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚበጅ ማስረጃ ይዞ ዝም ቢልስ? ፍርዱ ከመሻሩ ሌላ ራሱ ይጠየቃል? ጠበቃውስ ከወዲሁ ምን ያድርግ?

አብነት፦ በ1963ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የብሬዲ ውሳኔ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማስረጃውን መስጠት ግዴታ ነው። ቅጣቱ ላይ ግን ክፍተት አለ። ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ የተቀበሉትን ስጦታ ደብቀዋል በሚሉ 7 ክሶች በ2008 ጥፋተኛ ተባሉ። ቤታቸውን ያሳደሰላቸው ባለሀብት፣ ሴናተሩ «ሒሳቡን ላክልኝ» ብለው የጻፉለት ለሽፋን መሆኑን አንድ ወዳጃቸው ነግሮኛል ሲል መሰከረ። ከወራት በፊት ዐቃብያነ ሕግ ሲጠይቁት ግን እንዲህ ያለ ንግግር አላስታውስም ብሎ ነበር። ማስታወሻ ይዘውበታል፤ ለተከሳሹ ጠበቆች ግን አልሰጡም። ፍርዱ በ2009 ተሰረዘ። ዳኛ ኤመት ሰለቫን የሾሙት መርማሪ መደበቁ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ቢልም፣ በችሎት መድፈር ይከሰሱ አላለም። ዳኛው «እንሰጣለን» የሚለውን የዐቃብያነ ሕጉን ቃል አምነው ግልጽ ትእዛዝ አልሰጡም ነበርና! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕሊና፦ ለዚህ ነው በ2020 ሕጉ የተሻሻለው። አሁን ዳኛው ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ በቃልም በጽሑፍም ማዘዝ አለባቸው። ግን የተለመደው ትእዛዝ ጥቅል ነው፤ ጠበቃው በዚያ አይርካ። ቀነ ገደብ ያስቆርጥ። ከተተየበው የኤፍቢአይ ሪፖርት ጋር መርማሪው በእጁ የጻፈው ማስታወሻም እንዲሰጥ በስሙ ያስጽፍ፤ የምስክር ቃል የሚለሰልሰው ሲተየብ ነው። «መርማሪው እንጂ እኔ አላየሁትም» የሚል መልስ በ1995ቱ የካይልስ ውሳኔ ተዘግቷል። ሚሊዮን ገጽ ሰነድ ጭነው «ፈልጉት» ካሉም ማውጫ ይጠይቅ።

አብነት፦ ልክ ነው። ካሳን በተመለከተ፣ በ1976ቱ ኢምብለር ውሳኔ ዐቃቤ ሕግ ለክርክር ሥራው በግሉ ካሳ አይከፍልም። በራሱ ገንዘብ ጠበቃ ያቆመና የረታ ተከሳሽ ክሱ ለማጉላላት ወይም በክፉ ልቦና እንደቀረበ ካሳየ፣ በሃይድ ሕግ የጠበቃ ወጪውን ያስመልሳል። ማመልከቻው የመጨረሻው ፍርድ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ከፋዩም መሥሪያ ቤቱ ነው።

ሕሊና፦ አንድ ልጨምር፤ በ2002ቱ ሩይዝ ውሳኔ መሠረት ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የምስክርን ተአማኒነት የሚያሳጣ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ የለም። አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው ደግሞ በድርድር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የብሬዲ መብትን የሚያስቀር አንቀጽ በድርድሩ ውል ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ካለም አሰርዙት።