የሽፈራውና የእርድ ካፕሱሌ ክረምት ላይ ተጣበቀብኝ፤ ማሸጊያው ላይስ ምን ልጻፍ?

ለገጣፎ ነኝ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሽፈራውና እርድ ጥላ ላይ አድርቄ፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ፣ 00 ቁጥር ካፕሱል ላይ በእጄ እሞላለሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ቅርፊቱ ለስልሶ እርስ በርስ ተጣበቀ። ዱቄቱን ደግሞ ዲፒፒኤች በሚባል የላብራቶሪ ምርመራ አስመርምሬው አንቲኦክሲዳንቱ (ሴልን ከጉዳት ይከላከላል የሚባለው ንጥረ ነገር) ጥሩ ነው ተባልኩ። «ካንሰር ይከላከላል» ብዬ ልጻፍበት?

ነጭ ጋውን፦ እህቴ፣ እሱን እንኳ አትጻፊ። ዲፒፒኤች ሐምራዊ ፈሳሽ ነው። ዱቄትሽ ሲቀላቀልበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ መሣሪያው 517 ናኖሜትር ላይ ይለካዋል፣ አለቀ። የሚያሳይሽ ቱቦ ውስጥ የሆነውን ነው፤ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲንም አንቲኦክሲዳንት ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ቀነሰ ሳይሆን በ18 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ የወጣው በፈረንጆች 1994 ነው። ሰው አምኖሽ የሐኪም መድኃኒቱን ቢተውስ?

ከሰበታ፦ እኔ ስለ ቅርፊቱ ልንገርሽ። የጄላቲን ቅርፊት ራሱ ከ13 እስከ 16 በመቶ ውሃ አለው፣ ከዚያ በላይ እርጥበት ከሳበ ይለሰልሳል። ዱቄቱን በደንብ አድርቀሽ ሙዪ፣ ብልቃጡ በደንብ የሚከደን ይሁን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሪበት። ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ነው፣ ከአሳማም ይሠራል፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ይጠይቅሻል። ከዕፅዋት የሚሠራው ቅርፊት ውሃው አነስተኛ ስለሆነ ለአንቺ ዱቄት ይሻላል። ሰፈር ወፍጮ ቤት ግን ተይው፣ ከአንቺ በፊት በርበሬ ተፈጭቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ 20 ካፕሱል አንድ በአንድ መዝኚ። የውስጡ ዱቄት በአማካይ ከ300 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ከአማካዩ ከ7.5 በመቶ በላይ የሚርቁት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥም በ30 ደቂቃ መፍረስ አለበት።

ለገጣፎ ነኝ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በማንኪያ እየገመትኩ ነበር የምሞላው። እናቴ የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች፣ ለእሷ ብሰጣትስ?

ነጭ ጋውን፦ ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳትሰጫት። ሽፈራው የደም ስኳር ሊያወርድ ይችላል፣ ከመድኃኒቷ ጋር ሲደመር ከልክ በላይ ሊወርድባት ይችላል። ለሽያጭ ካሰብሽ ደግሞ መጀመሪያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄደሽ የሚጠይቁትን እወቂ።

ለገጣፎ ነኝ፦ እሺ። የተጣበቁትን ጥዬ፣ ነገ ሚዛን እገዛለሁ።